ሞንትሪያል ለምትመጡ የጎጃም ልጆች

«ኮዱ እንደሆነ በእንግሊዝኛ ነው፤ ፈረንሳይኛ ምን ሊፈይድልኝ?» ከደብረ ማርቆስ፣ ከሞጣ፣ ከዳንግላ ተነሥቶ እዚህ የገባ የኮምፒውተር ምሩቅ ሁሉ መጀመሪያ የሚላት ይህችን ነው። መመለሱ ሰለቸኝና አንዴ ጽፌው ልረፍ።

1. ወረቀት፦ ዲግሪና ትራንስክሪፕታችሁን ከአገር ሳትወጡ እጃችሁ አስገቡ። አለቀ።

2. ኮርስ፦ ሞንትሪያል ባለችበት ክፍለ ሀገር፣ በኬቤክ፣ የሥራ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነው፤ ሕጉ በ1977 እ.ኤ.አ. ወጣ፣ በ2022 ደግሞ ጠበቀ። ከመጣችሁ ስድስት ወር ካለፈ መንግሥት፣ ከጥቂት ጉዳይ በቀር፣ የሚጽፍላችሁ በፈረንሳይኛ ብቻ ነው። ፍራንሲዛሲዮን ኬቤክ የሚባለው የመንግሥት ፈረንሳይኛ ማስተማሪያ በነጻ ያስተምራል፤ የትርፍ ሰዓትም በኢንተርኔትም አለ። እናንተ ግን ባሕር ዳር ለተጀመረው ቤት ብሎኬት መግዣ ለመላክ ሌሊት መጋዘን ትሠሩና ኮርሱን ትተዋላችሁ። ቤቱ ጣሪያ ሲደርስ እናንተ እዚያው መጋዘን ናችሁ።

3. ዝምታ፦ እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። በኛ አገር ታላቅ ሲናገር ዝም የሚል ልጅ ጨዋ ይባላል። ያንን ጨዋነት ይዛችሁ ስብሰባ ትገባላችሁ። ቡድኑ በየጠዋቱ የሚጠይቀው ሦስት ነገር ነው፤ ትናንት ምን ሠራህ፣ ዛሬ ምን ትሠራለህ፣ ምን ያዘህ። «ዬር፣ ዤ ኮሪዤ አን ቦግ» (ትናንት የኮድ ስሕተት አረምሁ)፤ «ኦዡርድዊ፣ ዠ ኮንቲኑ» (ዛሬ እቀጥላለሁ)፤ ከተቸገራችሁ «ዠ ስዊ ብሎኬ» (ሥራው ያዘኝ)። ይኸው ነው! ስሕተት እንዳይወጣችሁ ብላችሁ ካሜራ ዘግታችሁ ስትቀመጡ አለቃችሁ ጨዋ ናቸው አይልም፤ ሥራው አልገባቸውም ነው የሚለው። የቡድኑን ግማሽ ኮድ ብቻውን የጻፈ ልጅ አውቃለሁ። እድገቱን የወሰደው ሰዋስው የማያውቅ፣ አፉ ግን የማያርፍ ሌላ ስደተኛ ነው። የኛ ልጅ ዛሬም ስልኩ ላይ በቋንቋ መለማመጃው ነጥብ ይሰበስባል።

የጎጃም ልጅ እንዲህ መሆኑ ይገርመኛል። ዋሸራና ዲማ ያለ የቆሎ ተማሪ ቅኔውን ቆጥሮ በሆዱ አይዝም፤ ለመምህሩ ይነግራል፣ ሰው ፊት ይታረማል፣ በማግሥቱ ደግሞ ይቀርባል። አያቶቻችሁ በግእዝ ያላፈሩትን እናንተ በፈረንሳይኛ ታፍራላችሁ?

ስብሰባው ላይ የቲኬት፣ ማለት የተመዘገበ ሥራ፣ ቁጥር 97 ሲጠራ «ካትር ቨን ዲ ሴት» ነው፣ አራት ጊዜ ሃያ፣ ዐሥርና ሰባት፤ ሒሳቡን ሳትጨርሱ የሚናገረው ሰው ሌላ ጉዳይ ይገባል። «ፑቬ ቩ ሬፔቴ?» (ይድገሙልኝ?) ብላችሁ አስቁሙት። አለቃችሁ «ቱ»፣ ማለት አንተ ወይም አንቺ፣ ካላችሁም «ቱ» በሉት፤ አንቱ ማለት ለለመደ አፍ ይከብዳል፣ አውቃለሁ፣ ግን በሉት።

4. የሙያ ቃላት፦ ሶፍትዌር «ሎዢሲዬል»፣ ፋይል «ፊሺዬ»፣ አፕዴት «ሚዝ አ ዡር»። ይሄ በሳምንት ይያዛል፤ ሸምድዶ ዝም ለሚል ግን ምኑም አይደለም። ነገ ጠዋት ስብሰባው ሲጀመር ቀድማችሁ ተናገሩ። ተራ እየጠበቀ የሚቀመጥ ሰው ልቡ ሲመታ ይቆይና ሲደርሰው ያዘጋጃት ዐረፍተ ነገር ትጠፋበታለች።