አዲስ ፕሬዚዳንት መጀመሪያ ማንን ያናግር?

በቅርቡ የኮሌጅ ፕሬዚዳንት ሆና የተሾመች አንዲት ልጅ ደውላ «መጀመሪያ ምኑን ልቀይር?» አለችኝ። ጎበዝ ናት፤ ጥያቄዋም ከልብ ነው። እኔ ግን የቆየ ቁጭት ተቀሰቀሰብኝና በቅጡ ሳልመልስላት ቀረሁ። ነገ ተቋም የምትረከቡ ሌሎቻችሁም እንድታነቡት እዚህ ልጻፈው።

ያኔ ሬጅስትራር ቢሮ ጀማሪ ሠራተኛ ነበርኩ። አዲስ ፕሬዚዳንት መጡ። በጣም ጥሩ ሰው ነበሩ። ይህን አጥብቄ የምናገረው ዛሬ ስማቸውን የሚያነሱ ሰዎች ይህን ስለማይናገሩላቸው ነው። የጠበቃቸው በጀት ተራቁቶ ነበር። ወጪ የሚቀነስበትን ሲፈልጉ የላይብረሪው የማታ ሰዓት ዓይናቸው ውስጥ ገባ፤ የትርፍ ሰዓት ክፍያ አለ፣ መብራት አለ፣ ጥበቃ አለ፣ የውሰት መዝገቡ ደግሞ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ መጽሐፍ የሚዋስ የለም ማለት ይቻላል ይላል። እስከ እኩለ ሌሊት ክፍት የነበረው ላይብረሪ በ2 ሰዓት እንዲዘጋ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ከመጡ ገና ብዙም አልቆዩም።

መዝገቡ አልዋሸም። ማታ የሚመጣው ተማሪ ግን መጽሐፍ ሊዋስ አይደለማ! የራሱን ደብተር ይዞ፣ ጸጥታና ብርሃን ፍለጋ ነው የሚመጣው። ዶርም ውስጥ አንዱ መብራት አጥፍቶ መተኛት ሲፈልግ ሌላው ጓደኛ ሰብስቦ ይጫወታል። ይህን የማታው ጥበቃ ያውቃል። የጽዳት ሠራተኞቹማ ማን የትኛው ወንበር ላይ እንደሚቀመጥ ሁሉ ያውቁ ነበር። የጠየቃቸው የለም።

ጠዋት ቢሮ ስገባ ደረጃው ላይ ካርቶን ተነጥፎ አገኝ ጀመር። የእኛ ኮሪደር መብራት ሌሊቱን ሙሉ ስለሚበራ ተማሪዎች እዚያ እያጠኑ ነበር የሚያድሩት። ግድግዳው ላይ፣ ቁጭ ያለ ሰው እጁ በሚደርስበት ቁመት፣ የሒሳብ ቀመር በእርሳስ ተጽፎበታል። የግቢ ጥገና ሠራተኞች ቀለም ቀቡት፤ በማግስቱ እንደገና ተጻፈበት።

ተማሪው አልረበሸም። ዝም አለ። ፕሬዚዳንቱ ውይይት ብለው ሲጠሩ አዳራሹ ባዶ ሆነ። በኋላ ሰዓቱን ራሳቸው መለሱት፤ ግን ከዚያ ወዲያ ይዘው የመጡት ሐሳብ ሁሉ «የላይብረሪውን በር የዘጉት» እየተባለ ገና ሳይሰማ ይወድቃል። ለመምህራን የምርምር ገንዘብ ያፈላለጉት እሳቸው ነበሩ። በዊልቸር ለሚሄዱ ተማሪዎች መወጣጫ ያሠሩትም እሳቸው። የሥራ ዘመናቸውን ሳይጨርሱ ሄዱ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አዲስ ፕሬዚዳንትን ገና ማንም አልተቀየመውም። በመጀመሪያዎቹ ወራት ሰው የሆዱን ያወራችኋል። የመጀመሪያውን ከባድ ውሳኔ ከወሰናችሁ በኋላ ግን የሚነግራችሁን መርጦ ነው የሚነግራችሁ። ስለዚህ ከውሳኔው በፊት ቢሮአችሁ የማይመጡትን ሰዎች ሄዳችሁ አግኙ። ዲኖቹና የሴኔት አባላቱ እንደሆነ በራሳቸው ይመጣሉ።

ሳይሰሙ መወሰን ትልቅ ቦታም ላይ ያጋጥማል። ዋሽንግተን የሚገኘው ጋሎዴት ዩኒቨርሲቲ፣ እ.ኤ.አ. በ1864 የተቋቋመው መስማት ለተሳናቸው ተማሪዎች ነው። በማርች 1988 ቦርዱ ፕሬዚዳንት ሲመርጥ ከሦስቱ የመጨረሻ ዕጩዎች ሁለቱ መስማት የተሳናቸው ነበሩ። ተማሪዎቹ ቀድመው ሰልፍ ወጥተው ፍላጎታቸውን ተናግረዋል። ቦርዱ የመረጠው ግን መስማት የሚችሉትን ሦስተኛዋን፣ ኤሊዛቤት ዚንሰርን ነው። ተማሪዎቹ ግቢውን ዘጉ። ዚንሰር ሥራ ሳይጀምሩ ለቀቁና በተመረጡ በሳምንቱ መስማት ከተሳናቸው ሁለቱ ዕጩዎች አንዱ፣ አይ ኪንግ ጆርዳን ተሾሙ። ተቋሙ በ124 ዓመት ታሪኩ መስማት የተሳነው ፕሬዚዳንት ሲኖረው የመጀመሪያው ነበር።

የዛሬ ወጣቶች ላይ የማይጥመኝ ነገር አለ። የ100 ቀን ዕቅድ በስላይድ አሳምራችሁ ቴሌግራም ላይ ትለቁታላችሁ፤ ዲኑም እንደ ማንም እዚያው ያነበዋል። በሌላ በኩል ደግሞ ሳታፍሩ ትጠይቃላችሁ። በእኛ ጊዜ የሚጠይቅ ሹም እንደማያውቅ ነበር የሚቆጠረው፤ በዚህ በልጣችሁናል።

እጃችሁን አጣጥፋችሁ ተቀመጡ ማለቴም አይደለም። የዶርም ቧንቧ ከፈነዳ ጥናት አያስፈልገውም፣ ዛሬውኑ አሠሩት። ቻርለስ ኤሊየት እ.ኤ.አ. በ1869 ሃርቫርድን ሲረከቡ 35 ዓመታቸው ነበር፤ የሕክምና ትምህርቱን መለወጥ የጀመሩት ብዙም ሳይቆዩ ነው። ይህ የእኔን ምክር የሚያፈርስ ይመስላል፤ ምናልባትም በከፊል ያፈርሰዋል። ግን የሕክምና መምህራኑን ስብሰባ ራሳቸው እየተገኙ ይመሩ ነበር፤ ተቃውሞውንም ፊት ለፊት ሰምተዋል። 40 ዓመት መሩ።

ልጅቷ ስልኩን ልትዘጋ ስትል «የቀድሞውን ፕሬዚዳንት ላግኛቸው?» ብላኝ ነበር። አዎ፣ በመጀመሪያው ሳምንት አግኚያቸው። ፋይል ውስጥ የሌለ፣ በቃል ብቻ ለማን ምን እንዳሉ ጠይቂያቸው። ለአንዱ መምህር የሳባቲካል (ከማስተማር አርፎ ለምርምር የሚወጣበት) ፈቃድ፣ ለአንዱ ትምህርት ክፍል አዲስ ቢሮ ተስፋ ሰጥተው ይሆናል። ሰዎቹ አሁን ያንን የሚጠብቁት ከአንቺ ነው። የማትችዪው ከሆነ በደብዳቤ እንዳታሳውቂ፤ ራስሽ ቢሮአቸው ሄደሽ ከነምክንያቱ ንገሪያቸው።