የቤት ጉዳይ፦ ጠባብ ኮንዶሚኒየም፣ ትልቅ ሶፋ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ጀሞ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር እንኖራለን። ሳሎኑን ኤል ሶፋና ቡፌ ሞልተውታል። የውሃ ጀሪካን በየጥጉ ነው። ምጣዱም መተላለፊያ ላይ ተቀምጧል። የሳሎኑንና የመኝታ ቤቱን ግድግዳ ባስፈርሰው ይሰፋልኝ ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ ግድግዳውን ተይው። ብታስፈርሺው መኝታ ቤት ታጣላችሁ እንጂ ካሬው አይጨምርም። ቦታውን የበላባችሁ ሶፋው ነው።

እኔ አናጢ ነኝ። ኤል ሶፋ ሠርቼ እሸጣለሁ፤ ለእንዲህ ያለ ሳሎን ግን አልመክርም። ክንዱ ወፍራም፣ ሆዱ ባዶ ነው። በምትኩ መደብ አሠሪ። አዎ፣ ያንኑ የገጠሩን ቤት መደብ፣ በእንጨት። ሁለቱን ግድግዳ ይዞ ጥጉን ይዙር። ከፍታው ከነስፖንጁ 45 ሳንቲ ሜትር፣ ወርዱ 70 ይሁን። ቀን ከኋላ ትራስ ትደረድሪበታለሽ፣ ማታ አንዱ ልጅ ይተኛበታል። መቀመጫው ወደ ላይ የሚከፈት ይሁንና ብርድ ልብሱን፣ ጫማውን፣ ረከቦቱን ሳይቀር ክተቺበት። ክዳኑን ግን ከፋፍለሽ አሠሪው። አንድ ወጥ ከሆነ ዕቃ ለማውጣት እንግዳውን ሁሉ ማስነሳት ይመጣል።

ጀሪካን እዚያ ውስጥ እንዳታስገቢ። መደቡ የሚሠራበት ኤምዲኤፍ (ተፈጭቶ የተጨመቀ እንጨት) ውሃ ከነካው ያብጣል፣ አብጦም አይመለስም። ለጀሪካኑ በያጅ ጋ ሄደሽ ባለ ሁለት ደርብ የብረት ማስቀመጫ አሠሪ፤ መታጠቢያ ቤት ይቁም። ባለ 20 ሊትሩ ሲሞላ 20 ኪሎ ነውና ሙሉው ከታች፣ ባዶው ከላይ።

ቡፌውንም ሽጪው። ዕቃው ከበሩ በላይ እስከ ጣሪያው ባለው ቦታ መደርደሪያ ይሠራለት። እዚህ ላይ ተጠንቀቂ፦ ብሎኬት ውስጡ ክፍት ስለሆነ ተራ ፊሸር (ቪት የሚገባበት ፕላስቲክ) ከባድ ነገር አይዝም። መደርደሪያው ኮለኑ (የኮንክሪቱ ምሰሶ) ወይም ቢሙ (አግዳሚው ኮንክሪት) ላይ ይታሰር።

ምጣዱ ጎማ ባለው ማቆሚያ ላይ ሆኖ ኩሽና ጠረጴዛ ሥር ይግባ፤ ስትጋግሪ ትጎትቺዋለሽ። በኤክስቴንሽን ግን በፍጹም አትሰኪው። ከ3 ኪሎዋት በላይ ስለሚስብ ገመዱን ያቀልጠዋል። የራሱን መስመር ኤሌክትሪሺያን ይዘርጋለት።

መደቡ በቁርጥራጭ ተሠርቶ ቤት ውስጥ ይገጠም፤ አለዚያ ደረጃው ላይ አይዞርም። ሶፋውን ቀድመሽ ሽጪ፣ ሁለቱ አንድ ላይ አይገቡም።