የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ትሪሎባይትን ከአለቱ ማላቀቅ

ትሪሎባይቶች ከ521 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ባሕር ውስጥ ብቅ ብለው ከ252 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ጨርሰው የጠፉ፣ ጀርባቸው በቁመቱ ሦስት ቦታ የተከፈለ ባለ ቅርፊት እንስሳት ናቸው። ቅሪተ አካላቸውን ከአለት እያወጡ በማጽዳት ትርፍ ጊዜያቸውን የሚያሳልፉ አንባቢዎቻችን ከላኩልን ጥያቄዎች ስድስቱን መርጠናል።

ጥያቄ፦ ግማሽ አካሉ ከኖራ ድንጋይ የወጣ ትሪሎባይት አለኝ። ቀሪው አለት እንዲሟሟልኝ ብዬ አቼቶ ውስጥ አሳደርኩት። ጠዋት ሳየው አለቱ ቀንሷል፤ ትሪሎባይቱ ግን ነጥቶና ልሙጥ ሆኖ ጠበቀኝ። ጀርባው ላይ የነበሩት ጥቃቅን እብጠቶች የሉም። ይመለሳል?

መልስ፦ አይመለስም። እብጠቶቹ ተሸፍነው ሳይሆን ሟሙተው ነው የጠፉት። ትሪሎባይት ቅርፊቱን የሚሠራው ካልሳይት ከተባለ ማዕድን ነው፤ የኖራ ድንጋይም ካልሳይት ነው። አሲድ ሁለቱን ለይቶ አያውቅም። ቅርፊቱ ደግሞ ስስ ስለሆነ ቀድሞ የሚያልቀው እሱ ነው።

የተረፈውን ለማዳን በንጹሕ ውኃ ይዘፍዝፉት፤ ውኃውን በየቀኑ እየቀየሩ ሦስት አራት ቀን ያቆዩት። አሲድ ስንጥቅ ውስጥ ከቀረ ሥራውን ይቀጥላል፤ ሲደርቅም ነጭ ጨው ሆኖ ገጹ ላይ ይወጣል። ከዚያ ጥላ ውስጥ ያድርቁት። በጣት ሲነካ የሚቦን ከሆነ ፓራሎይድ ቢ-72 የተባለውን ማጠንከሪያ 5 ግራም በ100 ሚሊ ሊትር አሴቶን አሟሙተው በለስላሳ ብሩሽ ያጠጡት።

ለሚቀጥለው ግን ማንኛውንም ፈሳሽ ከመሞከርዎ በፊት ሁለት ፍንካች ይፈትኑ፤ አንዱ ከቅሪተ አካሉ ርቆ ከተነሳ አለት፣ ሌላው ዋጋ ከሌለው ስብርባሪ ቅርፊት። በየአንዳንዳቸው ላይ አንድ ጠብታ አቼቶ ጠብ አድርገው በአጉሊ መነጽር ይመልከቱ። ሁለቱም አረፋ ካወጡ አሲድ ለዚያ ድንጋይ ፈጽሞ አይሆንም። ቅርፊቱ ብቻ ካወጣ ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው፤ አለቱ ሳይነካ ቅርፊቱ ይበላል። አሲድ ወዳጅ የሚሆነው አለቱ አረፋ አውጥቶ ቅርፊቱ ዝም ሲል ነው። ይህ የሚሆነው በረጅም ዘመን ውስጥ ካልሳይቱ ሲሊካ በተባለ ጠንካራ ማዕድን የተተካ እንደሆነ ነው። እንዲህ ያለው ቅርፊት በብረት መርፌ አይጫርም፤ ሲሊካ በሞስ የጥንካሬ መለኪያ 7 ሲሆን ካልሳይት 3 ነው፤ ብረት መሐላቸው ይወድቃል። በዚህ መንገድ እሾሃቸው እንኳ ሳይሰበር ከአለት የወጡ ትሪሎባይቶች አሉ፤ በመርፌ ሊደረስበት የማይችል ሥራ ነው። ግን ጥቂት ቦታ ብቻ የሚገኙ ናቸው፤ የእርስዎ ድንጋይ ከነሱ ነው ብለው አይገምቱ፣ ይፈትኑ።

ጥያቄ፦ በታመቀ አየር ለሚሠሩት መሣሪያዎች የሚያስፈልገውን ኮምፕሬሰር መግዛት አልችልም። በእጅ ብቻ መጀመር ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፤ እንዲያውም በእጅ የጀመረ ሰው የአለቱን ባሕርይ ቶሎ ይለምዳል። የሚያስፈልግዎ በመያዣ የተሰካ ወፍራም የብረት መርፌ፣ የተጣለ የጥርስ ሐኪም መሣሪያ፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ መርፌ መሳያ ድንጋይ፣ ድንጋዩን የሚያስቀምጡበት አሸዋ የተሞላ ትንሽ ከረጢትና ከ10 እስከ 20 እጥፍ የሚያጎላ ማይክሮስኮፕ ነው። ባለ ሁለት ዓይኑን ይምረጡ፤ በአንድ ዓይን ጥልቀት አይታይም፤ ጥልቀት ካልታየ መርፌው ቅርፊቱን ሳያስቡት ይወጋል። ገንዘብ የሚበቃው ለአንድ ነገር ብቻ ከሆነ ማይክሮስኮፑን ይግዙ።

ለመጀመሪያ ከአሜሪካ ዩታ ግዛት ዊለር ሼል ከሚባለው የካምብሪያን ዘመን አለት የሚወጣውን ኤልራቲያ ኪንጊ የተባለ የትሪሎባይት ዝርያ እንመክራለን። ብዙ ስለሚገኝ ቢበላሽ አያስቆጭም፤ ሆዱ ሥር በተጋገረው የካልሳይት ሽፋን ምክንያት ወፈር ያለና ጠንካራ ነው፤ ከአለቱም በቀላሉ ይላቀቃል።

መርፌውን ቀጥ አድርገው ወደ ቅርፊቱ አይትከሉ። ከጎን ጋደል አድርገው፣ ከትሪሎባይቱ ወደ ውጭ ይግፉ፤ ቢያመልጥዎ የሚያርፈው አለት ላይ እንዲሆን። በአንድ ግፊት የሚነሳው ከአሸዋ ቅንጣት ካልበለጠ ትክክል ነው። የጭቃ ድንጋይ ሲሆን አንድ ጠብታ አልኮል ቢያርፍበት ለደቂቃ ይለሰልሳል፤ ቅርፊቱም ይጠቁርና ከአለቱ ተለይቶ ይታያል። ውኃ ግን ይጠንቀቁ፤ አንዳንዱ የጭቃ ድንጋይ ውኃ ሲጠጣ ያብጥና በንብርብር ይፈርሳል።

ጥያቄ፦ በታመቀ አየር የሚሠራ መቅረጫ ገዝቻለሁ። አለቱ ሲነሳ ቅርፊቱም አብሮ ይነሳል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ስለሆነ ሰፋ አድርገን እንመልሳለን።

መጀመሪያ አሁን የተነሳውን ፍንካች ገልብጠው በማይክሮስኮፕ ይዩት። የታችኛው ገጹ ደብዛዛና የአለቱ ቀለም ያለው ከሆነ ቅርፊቱ ቦታው ላይ ነው። የሚያብለጨልጭ ቡናማ ወይም ጥቁር ንጣፍ ከተለጠፈበት ግን ቅርፊቱ ከፍንካቹ ጋር ሄዷል ማለት ነው፤ እጅዎ ያለውም የቅርፊቱ የውስጥ ቅርጽ የታተመበት አለት ብቻ ነው። ፍንካቹን አይጣሉት! ሁለቱንም ገጽ በደረቅ ብሩሽ ይጥረጉ፣ ሳይለጥፉ ገጥመው ይሞክሩ፣ ከዚያ በመርፌ ጫፍ ከአንዲት ጠብታ ያነሰ ቀጭን ሱፐር ግሉ ነክተው በመጣበት ቦታ ይመልሱት። በደንብ ሲደርቅ አለቱን እንደገና ከላይ ያነሳሉ፤ በዚህ ጊዜ ቅርፊቱ ታች ይቀራል። ሙጫው ቅርፊቱ ገጽ ላይ እንዳይፈስ፤ የደረቀ ሙጫ ስለሚነጥር በኋላ አለቱን ለመፋቅ በታመቀ አየር የሚረጩት ዱቄት አያነሳውም። ከፈሰሰ ጥጥ በአሴቶን ነክረው ያብሱት።

አሁን ወደ ምክንያቱ። እነዚህ መሣሪያዎች አንዳንዶቹ በደቂቃ ከ30,000 ጊዜ በላይ ይመታሉ። ጫፉ ቅርፊቱን ባይነካውም ንዝረቱ በአለቱ ውስጥ ይደርሰዋል። ስለዚህ ትልቁን መቅረጫ እስከ ቅርፊቱ ድረስ አይውሰዱት። 2 ሚሊ ሜትር ያህል ሲቀር ወደ ትንሹ ይቀይሩ፤ ግማሽ ሚሊ ሜትር ሲቀር ደግሞ መቅረጫውን አስቀምጠው የቀረውን በመርፌ ወይም በሚረጭ ዱቄት ይጨርሱ። የአየሩን ግፊት አምራቹ ከፈቀደው ዝቅተኛ መጠን ይጀምሩ፤ ጉልበት ሲያንስ በእጅ መጫን ስሕተት ነው፤ ጫፉ መምታቱን ትቶ መፋቅ ይጀምራል።

የጫፉ ስለትም ትልቅ ነገር ነው። የደነዘዘ ጫፍ አለቱን ከመፈንከት ይልቅ ያደቀዋል፤ ገጹ ላይ ነጫጭ ጠባሳ ካዩ ምልክቱ ያ ነው። ጫፉ ተንግስተን ካርባይድ ስለሆነ በተራ መሳያ አይሳልም፤ የአልማዝ ድንጋይ ይፈልጋል።

ቅደም ተከተሉን በተመለከተ፣ አለቱ ተሰንጥቆ የተገኘ ከሆነ ሁለቱን ግማሾች ሳይለጥፉ መቅረጽ አይጀምሩ። ስንጥቁ ላይ የሚታየውን ቀጭን ጥቁር የቅርፊት መስመር በእርሳስ ይከተሉት፤ የት ጎብጦ የት እንደሚወርድ ይነግርዎታል። ከጀርባው ከፍተኛ ቦታ ጀምረው ወደ ጎኖቹ ይውረዱ። ከጭንቅላቱ ኋላ ማዕዘን የሚወጡትን እሾሆችና ዓይኖቹን መጨረሻ ያቆዩ። እሾሁ ከአለቱ ተነስቶ የሚቆም ከሆነ ሥሩ ያለውን አለት እንደ ድልድይ ይተዉለት፤ ሌላው ሁሉ ካለቀ በኋላ ብቻ፣ እሾሁን በፓራሎይድ አጠንክረው ድልድዩን በመርፌ ያሳሱት።

ጥያቄ፦ የትኛው ዱቄት ይሻላል? የኔ መርጫ ደግሞ በየአምስት ደቂቃው ይደፈናል።

መልስ፦ ዱቄቱ ከአለቱ የሚጠነክር፣ ከቅርፊቱ የማይጠነክር ቢሆን ደስ ባለን ነበር፤ የኖራ ድንጋይ ላይ ግን ሁለቱ እኩል ስለሆኑ የሚሠሩበት በግፊትና በርቀት ነው። ቤኪንግ ሶዳ በሞስ 2.5 ገደማ ስለሆነ ለትሪሎባይቱ ዓይን ሌንሶችና ለለስላሳ ቅርፊት ይስማማል። ዶሎማይት ከ3.5 እስከ 4 ነው፤ አብዛኛውን የኖራ ድንጋይ ሥራ የሚሠራው እሱ ነው። አሉሚኒየም ኦክሳይድ 9 ነውና ወደ ቅርፊት አያስጠጉት።

ግፊቱን ከ10 እስከ 15 ፒኤስአይ፣ ማለትም 1 ባር ገደማ ላይ ይጀምሩ። አፉን ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሜትር አርቀው ይያዙ፤ አንድ ቦታ ላይ አያቁሙት፣ ጉድጓድ ይቆፍራል። አስቀድመው ድንጋዩ ጀርባ ላይ ይሞክሩ። ቅርፊቱ መስተዋት የመሰለ ወዙን አጥቶ ሲደበዝዝ ካዩ ወዲያው ግፊቱን ይቀንሱ።

መደፈኑ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ከእርጥበት ነው። አየር ሲታመቅ በውስጡ ያለው እንፋሎት ውኃ ይሆንና ታንኩ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ከሥራ በኋላ በየቀኑ ያፍስሱት፤ ከታንኩና ከመርጫው መሐልም የእርጥበት ማጣሪያ ያስገቡ። ዱቄቱን በወንፊት ይንፉት። ዶሎማይትን ምድጃ ውስጥ ማድረቅ ይችላሉ፤ ቤኪንግ ሶዳን ግን አይሞክሩት፣ ሙቀት ወደ ሌላ ጨው ይቀይረዋል።

ስለ አቧራው አጥብቀን እንናገራለን። ብዙ አለት ውስጥ የኳርትዝ ብናኝ አለ፤ ሳንባ ውስጥ የገባው አይወጣም፤ የሚያመጣው ሲሊኮሲስ የተባለ የሳንባ በሽታም አይድንም። መስተዋት ባለው ዝግ ሳጥን ውስጥ፣ ደቃቅ ብናኝ የሚይዝ ሄፓ ማጣሪያ ያለው መምጠጫ እየሠራ፣ ፊት ላይ በደንብ የሚገጥም ኤን95 ወይም ከዚያ የተሻለ ማስክ አድርገው ይሥሩ። ተራ የጨርቅ ማስክ ለዚህ አይበቃም።

ጥያቄ፦ ከሞሮኮ የመጣ ትሪሎባይት ገዛሁ። ወገቡ ላይ የተለጠፈ ስንጥቅ አለው። ተታልያለሁ?

መልስ፦ ስንጥቁ እንዲያውም ደግ ምልክት ነው። በአልኒፍና በኤርፉድ አካባቢ የሚሠሩት ሰዎች ትሪሎባይቱን የሚያገኙት አለቱን በመዶሻ ሰንጥቀው፣ ስብራቱ ላይ የቅርፊቱን መስመር በማየት ነው፤ ከዚያ ገጥመው ይለጥፉትና ያጸዱታል። ስንጥቁ አለቱንም ቅርፊቱንም ሳይዛነፍ አቋርጦ ማለፉን ያረጋግጡ። አለቱ ላይ ያለው ስንጥቅ ትሪሎባይቱ ጋ ሲደርስ ከጠፋ ያስጠርጥርዎ። የአየር አረፋ የተዋቸው ክብ ቀዳዳዎች ከሬዚን፣ ማለትም ፈስሶ ከሚደርቅ ሰው ሠራሽ ነገር፣ የተሠራ መሆኑን ያሳያሉ። በአሴቶን የተነከረ ጥጥ ቡናማ ሆኖ ከተመለሰ ቀለም ተቀብቷል ማለት ነው። በስቱኮ የተሞላ ቦታም ብዙ ጊዜ በአልትራቫዮሌት መብራት ከቀረው ለየት ብሎ ያበራል። ትንሽ ጥገና ማጭበርበር አይደለም፤ ሻጩ መናገር ግን አለበት።

ጥያቄ፦ የእኔ ትሪሎባይት ወርቅ የመሰለ ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ ግራጫ ዱቄት ይወጣበት ጀመር። ቫርኒሽ ልቀባው?

መልስ፦ አይቀቡት። ወርቅ የመሰለው ፓይራይት የተባለ የብረትና የድኝ ማዕድን ነው፤ ከእርጥበትና ከኦክስጅን ጋር ሲገናኝ ሰልፈሪክ አሲድ ያመነጫል። ቫርኒሹ እርጥበቱን አያቆመውም፤ ከሥር የሚሆነውን ደብቆ ያቆያል እንጂ። ዱቄቱን በደረቅ ብሩሽ ያንሱ፤ ውኃ አያስነኩት። በደንብ በሚዘጋ ሳጥን ውስጥ እርጥበት ከሚመጠው ሲሊካ ጄልና ከእርጥበት መለኪያ ጋር ያስቀምጡት፤ መለኪያው ከ40 በመቶ በታች እንዲያሳይ ያድርጉ። ከ60 በመቶ ሲያልፍ ጉዳቱ ይፋጠናል። አሲዱ ወረቀትም ስለሚበላ የተገኘበት ቦታ የተጻፈበትን ወረቀት ከድንጋዩ ጋር አያነካኩ፤ ሳጥኑንም ከሌሎቹ ስብስብዎ ለይተው ያኑሩት።