ቨርቹዋል ማሽኑ ካርዱን አላየውም

ጥያቄው ከኮምቦልቻ ነው። ጠያቂዋ በአንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ላቦራቶሪ ውስጥ ትሠራለች።

«ጋሼ፣ የክር ጥንካሬ የሚለካው ማሽናችን የሚታዘዘው በዊንዶውስ ኤክስፒ ነው። ኮምፒውተሩ ውስጥ የማሽኑ አምራች ራሱ የሠራው፣ ማዘርቦርዱ ስሎት ላይ የሚሰካ የፒሲአይ ካርድ አለ። ከኋላ ደግሞ ፓራለል ፖርቱ (የድሮው የፕሪንተር ሶኬት) ላይ የፕሮግራሙ ዶንግል፣ ያለሱ ፕሮግራሙ የማይሠራው ቁልፍ፣ ተሰክቷል። ኮምፒውተሩ አርጅቶ ሥራ መሀል ይጠፋል። ዲስኩን ገልብጬ ላፕቶፕ ላይ በቨርቹዋልቦክስ (በሶፍትዌር የተሠራ ኮምፒውተር፣ ቨርቹዋል ማሽን፣ በሚፈጥረው ፕሮግራም) አስነሳሁት። ኤክስፒ ይከፈታል፣ ፕሮግራሙ ግን ‹ካርዱ አልተገኘም› ይላል። ካርዱን በሶፍትዌር ማስመሰል ይቻላል?»

አብሽሪ፣ ዲስኩን መገልበጥሽ ትልቅ ነገር ነው። ኮፒውን ሌላ ቦታም አስቀምጪው።

ማስመሰሉ ይቻላል፤ ላንቺ ግን አይጠቅምሽም። ቨርቹዋልቦክስ የኮምፒውተርሽን ዕቃ ለኤክስፒ አያሳየውም። የራሱን ዕቃ ፈጥሮ ነው የሚያሳየው፤ የኢንቴል ኔትወርክ ካርድ፣ የአይዲኢ ኮንትሮለር (የድሮ ዓይነት የዲስክ መቆጣጠሪያ)፣ የሳውንድ ካርድ። እነዚህ አሠራራቸው የታወቀ ነው። ኢንቴል ለምሳሌ የኔትወርክ ካርዶቹን ማኑዋል ለፕሮግራመሮች ይፋ አድርጓል። ያንቺ ካርድ ሬጅስተሮች፣ ትእዛዝና መልስ የሚቀመጥባቸው ቦታዎች፣ ምን እንደሚሠሩ ግን የሚያውቀው አምራቹ ነው። ካርዱን የሚያዘው ሶፍትዌር፣ ድራይቨሩ፣ አንዱ አድራሻ ላይ ቁጥር ይጽፋል፣ ከሌላው ያነባል። አስመሳዩ ለእያንዳንዱ ትክክለኛውን መልስ መስጠት አለበት። አንዱ ከተሳሳተ ድራይቨሩ ድርቅ ይላል።

ይሄ ሁሉ ቢሳካልሽ እንኳ፣ ከማሽኑ የሚመጣው የሴንሰር ገመድ የት ሊሰካ ነው? በሶፍትዌር የተሠራ ካርድ ሶኬት የለውም። ፕሮግራሙ ተታሎ ይከፈት ይሆናል፤ ክሩ ሲበጠስ ግን የሚመጣ ቁጥር የለም። የድሮ ሪፖርት ከፍቶ ለማየት ካልሆነ ድካሙ አያዋጣም።

የሚያዋጣው እውነተኛውን ካርድ ለኤክስፒ ማስረከብ ነው፤ ፓስስሩ ይባላል። ለዚህ ላፕቶፑን እርሺው፣ የፒሲአይ ስሎት የለውም። ቨርቹዋልቦክስም ከ6.1 ጀምሮ የፒሲአይ ፓስስሩን ትቶታል። የፒሲአይ ስሎት ያለው ዴስክቶፕ ፈልጊ፣ ሊኑክስ ጫኚበት፣ ኤክስፒውን ሊኑክስ ላይ ቨርቹዋል ማሽን በሚያስነሱት በኪውኢሙና በኬቪኤም አስነሺው። የዲስኩን ዓይነት አይዲኢ በዪው፤ ሌላ ካልሽው ሰማያዊ ስክሪን ይመጣብሻል።

ስትገዢ ተጠንቀቂ። ፕሮሰሰሩም ማዘርቦርዱም ቪቲ-ዲን፣ ማለትም እውነተኛ ካርድ ለቨርቹዋል ማሽን የማስረከብ ችሎታን፣ መደገፍ አለባቸው፤ ኤኤምዲ ከሆነ ስሙ ኤኤምዲ-ቪአይ ነው። እዚህ ደሴ ፒያሳ ያገለገለ ኮምፒውተር የሚሸጥልሽ ሰው «ቨርቹዋላይዜሽን አለው» ካለሽ ብዙውን ጊዜ የሚያወራው ስለ ቪቲ-ኤክስ ነው። እሱ ሌላ ነው፣ ቨርቹዋል ማሽን ለማስነሳት እንጂ ካርድ ለማስረከብ አይበቃም። ብር ሳትቆጥሪ ባዮሱን (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተውን ማስተካከያ) ራስሽ ከፍተሽ እዪ።

ካርዱንም ይዘሽ ውጪ። ስሎት ውስጥ የሚገባውን ወርቃማ ጠርዙን እዪው፣ የተቆረጠ ክፍተት አለው። ክፍተቱ ካርዱ ከኬዙ ጋር ከሚታሰርበት ብረት ራቅ ካለ 5 ቮልት ነው፤ ቀረብ ካለ 3.3 ቮልት። ሁለቱም ካሉት ሁለቱም ስሎት ላይ ይገባል። እምቢ ካለሽ በጉልበት አትግፊው።

አሮጌ ካርድ ሌላም አመል አለው። ከፒሲአይ ስታንዳርድ 2.3 እትም በፊት የተሠራ ከሆነ የኢንተረፕት መስመሩን (ፕሮሰሰሩን የሚጠራበትን) ከሌላ ዕቃ ጋር ሲጋራ ፓስስሩው አይሳካም። ስሎት ቀይሪለት፣ ወይም የማትፈልጊውን ዕቃ ከባዮስ አጥፊ።

ይህን ሁሉ የምመክርሽ ማሽንሽ የሚለካ ስለሆነ ነው። ካርዱ ሞተር የሚያዝ ቢሆን ኖሮ አልነካውም ነበር። ቨርቹዋል ማሽን ለአፍታ ሊዘገይ ይችላል፤ በዚያች አፍታ ሞተሩ ሥራ ያበላሻል።

ዶንግሉ ይቀራል። ዩኤስቢን ወደ ፓራለል የሚቀይረውን ገመድ እንዳትገዢ፣ እሱ ለፕሪንተር ነው። እንዲህ ያለ ፕሮግራም አብዛኛውን ጊዜ የሚያንኳኳው የድሮውን አድራሻ ነው፤ በሄክሳዴሲማል 378። የምትገዢው ማዘርቦርድ እውነተኛ ፓራለል ፖርት ካለው ኪውኢሙ በዚሁ አድራሻ ለኤክስፒ ያቀርብለታል። አንዳንድ ዶንግል የመልሱን ፍጥነት ስለሚለካ ያኔም ሊያኮርፍ ይችላል። እንዲያ ከሆነ አምራቹን በዩኤስቢ እንዲቀይርልሽ ጠይቂው። ኢንተርኔት ላይ በነፃ የሚለቀቀውን «ዶንግል ኢሙሌተር» ግን እንዳታወርጂ። ቫይረስ ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ ፈቃድ የማለፉም ነገር አለ።

ቆይ ግን፣ የአሮጌውን ኮምፒውተር ሽፋን ከፍተሽ አይተሻል? በኮምቦልቻ ሙቀት፣ ጥጥ በሚበንበት ቤት፣ ሥራ መሀል የሚጠፋ ኮምፒውተር መጀመሪያ የሚጠረጠረው በፋኑ ነው። ከፋኑ ሥር፣ ሂትሲንኩ (ሙቀቱን የሚያወጣው ብረት) ላይ ብናኙ ብርድ ልብስ ሆኖ ታገኚዋለሽ። ጥረጊው፣ በሂትሲንኩና በፕሮሰሰሩ መሀል ያለውን ቅባት፣ ተርማል ፔስቱን፣ ቀይሪ። ማዘርቦርዱ ላይ አናቱ ያበጠ ካፓሲተር ካለ በብየዳ ይቀየራል። ይሄ ጥቂት ወራት ቢገዛልሽ አዲሱን ረጋ ብለሽ ትሠሪያለሽ።

አዲሱ ሲነሳ ከአንድ ቦቢን ክር ወስደሽ በሁለቱም ኮምፒውተር ለኪው። ቁጥሮቹ ካልተቀራረቡ ሪፖርት እንዳታወጪበት። ከኔትወርክ ጋርም አታገናኚው፤ ማይክሮሶፍት ለኤክስፒ የሚያደርገውን ድጋፍ ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ለአሁኑ በአሮጌው ኮምፒውተር ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ የካርዱን የቬንደርና የዲቫይስ ቁጥር ታገኚያለሽ፤ ከካርዱ ፎቶ ጋር ላኪልኝ፣ የትኛው ማዘርቦርድ እንደሚሆነው አይቼ እነግርሻለሁ።