ዩቲዩብ ላይ እስኪለቀቅ ብንጠብቅስ?

ጥያቄ፦ እኔና እጮኛዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ፊልም መግባት ልማዳችን ነበር። አሁን ግን የሁለት ሰው ትኬት፣ ፈንዲሻና ትራንስፖርት ሲደመር አልቻልነውም። እሱ «ዩቲዩብ ላይ እስኪለቀቅ እንጠብቅ» ይለኛል። እኔን ደግሞ ሲኒማው ናፈቀኝ። ዋጋው ለምን እንዲህ ናረ? ሲኒማ ቤትስ ወደፊት ይኖራል? (ሰ. ከሳሪስ)

መልስ፦ እህቴ፣ ፒያሳ ውስጥ ለዓመታት ትኬት ቆርጫለሁ። የትኬቱ ብር ሙሉውን የሲኒማ ቤቱ አይደለም፤ ከፊልሙ ፕሮዲውሰር ጋር ይካፈለዋል። ኪራይ፣ ደመወዝና መብራት ከድርሻው ይወጣል። ፕሮጀክተሩም አምፖሉም የሚገዛው በዶላር ነው። ሐምሌ 2016 የምንዛሪው ዋጋ ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። መብራት ሲጠፋ ለጀነሬተር የሚገባውን ነዳጅም ጨምሪበት።

ፈንዲሻው ግን ለማንም አይካፈልም። ትርፉ ያለው እዚያ ስለሆነ ነው የሚወደደው። ብትተዪው ማንም አይቀየምሽም።

እኔን የሚያናድደኝ ዋጋው ለሁሉም ሰዓት እኩል መጨመሩ ነው። ማክሰኞ ከሰዓት፣ በስምንት ሰዓቱ ፊልም፣ አዳራሹ ጭር ይላል። ፕሮጀክተሩ ለአሥር ሰውም ለሦስት መቶ ሰውም ያው መብራት ይበላል። ታዲያ ተማሪውና ጡረተኛው በግማሽ ዋጋ ቢገቡ ማን ይጎዳል? ሲኒማ ቤቶቻችን ይህን ካላደረጉ፣ ወጣቱ ፊልም ቤት መግባትን ሳይለምደው ያድጋል። የምፈራው እሱን ነው።

ዩቲዩብን አልጠላም። ውጭ ላሉት ወገኖቻችን የአማርኛ ፊልም ያደረሰው እሱ ነው። ግን አስቂኝ ፊልም በሞላ አዳራሽ አይተሽ ታውቂያለሽ። ሰውዬው ፍቅረኛውን ሊዋሻት ሲጀምር ከኋላ አንዲት እናት «አትመኚው!» ብለው ይጮሃሉ። አዳራሹ በሳቅ ይናጋል፤ ቀጣዩን ንግግር የሚሰማ የለም። «ሳቁ አላሰማን አለ» ብለው በሳምንቱ ተመልሰው ትኬት የገዙኝ ነበሩ። ስልክ ላይ ለብቻ ሲታይ ይህ የለም።

ሲኒማ ቤት አይጠፋም እላለሁ። አዳራሾቹ ግን እያነሱና እየጠበቡ ይሄዳሉ፤ ቦሌ ኤድና ሞል ውስጥ እንዳየነው በአንድ ሕንፃ ብዙ አዳራሽ የሚያዋጣ ይመስለኛል።

እናንተ ቅዳሜን ተዉት። በወር አንዴ፣ በሥራ ቀን፣ ፊልሙ በወጣ ሰሞን ግቡ። ከመውጣታችሁ በፊት ግን ደውላችሁ አረጋግጡ፤ ተመልካች ሲያንስ ፊልሙን የሚሰርዙ አሉ።