መልስ፦ ጦሳ ላይ ኦክ አለ ወይ?

«ቪዲዮ ላይ ያየሁት አጭር፣ ቅጠሉ እሾሃማ የኦክ ቁጥቋጦ ደሴ ጦሳ ላይ ይገኛል? ለደረቅ ዳገት ፈልጌው ነው» ላልከው፦ የለም ወንድሜ። ኦክ በአፍሪካ በተፈጥሮው የሚበቅለው ሰሜኑ ጫፍ ላይ ብቻ ነው።

ያየኸው ከርሜስ ኦክ ይመስለኛል። የሜዲትራኒያን ደረቅ ኮረብታዎች ተክል ነው። ብዙ ጊዜ ከ2 ሜትር አያልፍም፣ ቢቃጠልም ከሥሩ ያቆጠቁጣል። እኔን የሚገርመኝ ግን ቀለሙ ነው። ድሮ ሰው ከቅርንጫፉ ፍሬ መስሎት የሚለቅመው ነገር ለካ ነፍሳት ነው! አድርቀው ደማቅ ቀይ የልብስ ማቅለሚያ ያወጡበት ነበር።

ዘሩን ላስመጣ ካልክ፣ የኦክ ፍሬ ከደረቀ አይበቅልም። ግራቪሊያንም ፈረንጆች «የሐር ኦክ» ስለሚሉት እንዳትሸወድ፤ የአውስትራሊያ ዛፍ ነው፣ ዝምድናም የላቸውም። ለዳገትህ ክትክታ ትከል። ድርቅ ይችላል፣ ፍየልም ብዙ አይደፍረውም።