ለዘጌው ወንድማችን፦ ሊቲየም ሁሉ አንድ አይደለም

ሰላም ወንድሜ። ዘጌ ላለው ቤትህ የሶላሩን ጄል ባትሪ በሊቲየም ልትቀይር ነው። ከሁለቱ የሊቲየም ባትሪ ዓይነቶች ኤልኤፍፒ ይሻላል ወይስ ኤንኤምሲ ብለህ ብትጠይቅ ሻጩ «ሊቲየም ሊቲየም ነው» አለህ። እኔ ባሕር ዳር የባጃጅና የሶላር ባትሪ ስፈታ ነው የምውለው። ሰውየው ልክ አይደለም። ኤልኤፍፒ ግዛ።

ሁለቱም ውስጥ የሊቲየም አዮን ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ይመላለሳል። ኔጌቲቩ አብዛኛውን ጊዜ ግራፋይት ነው። ልዩነቱ ፖዘቲቩ ላይ ነው። ኤንኤምሲ ኒኬል፣ ማንጋኒዝና ኮባልት አለበት። ቀላል ሆኖ ብዙ ጉልበት ይይዛል። ግን ከመጠን በላይ ሲሞቅ ኦክስጅን ይለቃል፤ እሳት ደግሞ የሚፈልገው እሱን ነው። ኤልኤፍፒ ብረትና ፎስፌት ነው። ፎስፈረሱ ኦክስጅኑን ጥርቅም አድርጎ ስለያዘው በቀላሉ አይለቅም። ይህን ቁስ ለባትሪ ያጩት ጆን ጉድኢናፍና ባልደረቦቻቸው ናቸው፤ ጥናታቸው የወጣው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። መጀመሪያ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ ደካማ ነበር። ቅንጣቱን አድቅቀው ካርቦን ሲቀቡት ነው ሰው የሆነው።

ከኤንኤምሲ ትንሽ ይከብዳል። ያንተ ግድግዳ ስር የሚቀመጥ ስለሆነ ግድ አይስጥህ።

ዋናው ነገር ቮልቱ ነው። የኤልኤፍፒ አንድ ሴል (ባትሪው ውስጥ ከተደረደሩት አንዱ) 3.2 ቮልት ነው፤ አራቱ ሲቀጠሉ 12.8፣ ጢም ሲሉ 14.6። ለዚህ ነው የ12 ቮልት ጄል በነበረበት ቦታ የሚገጥመው። የኤንኤምሲ ሴል ሲሞላ 4.2 ነው። ሦስቱ ሲቀጠሉ 12.6 ላይ ይሞላሉ፤ የጄል ኮንትሮለር (ከሶላሩ ወደ ባትሪው የሚገባውን የሚቆጣጠረው ዕቃ) ግን እስከ 14 ቮልትና ከዚያ በላይ ይገፋባቸዋል። አራቱ ደግሞ እስከ 16.8 ይፈልጋሉ፤ ኮንትሮለርህ እዚያ አይደርስም። ጎኑ ላይ 12.8 የሚል ፈልግ። ኮንትሮለሩ ላይ «ኢኳላይዝ» የሚል ካለ አጥፋው። ውሃ ለሚጨመርበት ባትሪ የተሠራ ነው፤ ቮልቱን ያለልክ ከፍ ያደርጋል።

በቅርቡ ከሐይቁ ዳር የመጣ አንድ ኤልኤፍፒ ፈትቼ ነበር። ሦስቱ ሴሎች በቴስተር 3.3 ያነባሉ። አራተኛው 2 ቮልት እንኳ አልሞላም፤ ሆዱ ተነፍቷል። ባለቤቱን ሳነጋግረው ያ ሴል በነበረበት በኩል ኢንቨርተሩ (የባትሪውን ኃይል ለቤት መብራት የሚቀይረው፣ ሲሠራ የሚሞቀው ዕቃ) ተለጥፎ ነበር የሚሠራው፣ ያውም ቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ። ግራፋይቱ ላይ ስስ ሽፋን ይፈጠራል፤ ባትሪው ያለሱ አይሠራም። ሙቀት ሲበዛ ግን ሽፋኑ እየወፈረ የሚመላለሰውን ሊቲየም ይበላል። የተበላው አይመለስም። አንዱ ሴል ቀድሞ ሲደክም ቢኤምኤሱ (ሴሎቹን የሚጠብቀው ሰርኪት) መላውን ባትሪ ያጠፋል፤ ሦስቱ ደህና ሆነው ቤቱ ይጨልማል። በጣም ያናድዳል፣ ምክንያቱም ኤልኤፍፒ በደንብ ከያዙት ከ2000 ጊዜ በላይ ተሞልቶ ሊያገለግል ይችላል።

ከዜሮ ዲግሪ በታች በሆነ ብርድ ቻርጅ ማድረግም ይጎዳዋል፤ ጣና ዳር ይህ ስጋት የለብንም። የእኛ ጣጣ የመጋቢትና የሚያዝያ ሙቀት ነው። ባትሪውን ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ በሚያገኝበት፣ ከኢንቨርተሩ ራቅ አድርገህ አስቀምጥ።

ስንት እንደቀረው በቴስተር አትፍረድ። የኤልኤፍፒ ቮልት ሊያልቅ እስኪል ድረስ 13 አካባቢ ነው የሚቆየው። የገባና የወጣውን የሚቆጥር ሻንት ያለው መለኪያ ግዛ።

የባትሪውን ጎንና የኮንትሮለሩን ፎቶ እዚሁ ለጥፍልኝ፤ ብር ከመክፈልህ በፊት አየዋለሁ።